የተፈጥሮ ሙጫዎች ኬሚካዊ ይዘትና የቆዳ አለርጂ ምርመራ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በኤሌክትሮኒክስ የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ የፊዚክስ ተማሪያችን ሁለቱም የዓይን ቆቦቹ ቀልተውና አብጠው ወደ ክፍል ገባ። ተማሪው የመርሳ ልጅ ነው። በክረምት ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በዚያች ከተማ ራዲዮና ተንቀሳቃሽ ስልክ እየጠገነ የዓመት ወጪውን ይሸፍን ነበር። ሕመሙ የጀመረውም እዚያው ነው። ጎረቤት «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ አሽትቶታል። እናቱ ግን የጠረጠሩት ዕጣኑን ነበር። ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣን ይጨሳልና፣ የልጃቸውን ዓይን የሚያሳብጠው ይኸው ጭስ መስሏቸው፣ እርሱ ቤት በሚሆንበት ጊዜ ዕጣን ማጨሱን እስከ መተው ደርሰዋል።

እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም የፊዚክስ መምህር ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «መቼ?» የሚለው በመሆኑ፣ ይህንኑ ጠየቅነው። እብጠቱ የሚመጣው በብየዳው ሰዓት ሳይሆን፣ ከብየዳው አንድ ወይም ሁለት ቀን ዘግይቶ መሆኑን ነገረን። ቀጥለንም ስለ ልጅነቱ ስንጠይቀው፣ ቁስል ላይ የሚለጠፍ ፕላስተር ሲደረግለት ከቁስሉ ይልቅ በፕላስተሩ ዙሪያ ያለው ቆዳ ያሳክከው እንደነበረ አስታወሰ። የብየዳ ጭስና ፕላስተር ምን ያገናኛቸዋል? ሁለቱንም የሚያገናኛቸው ከጥድ ዘመዶች የሚገኝ አንድ ሙጫ ነው። ወደ ቆዳ ሐኪም ላክነው። የምርመራውን ውጤት ከመናገራችን በፊት ግን፣ ምርመራው ምን እንደሆነና በውስጡ የሚገኙት ሙጫዎች ከምን እንደተሠሩ ማስረዳት ይገባናል።

ሙጫ ሁሉ አንድ አይደለም

አማርኛችን ከግራር ግንድ የሚፈሰውንም፣ ከጥድ የሚንጠባጠበውንም፣ ወረቀት የምንለጥፍበትንም በአንድነት «ሙጫ» ይላቸዋል። ኬሚስት ግን ይለያቸዋል። የግራር ሙጫ ከስኳር ሞለኪውሎች ረጅም ሰንሰለት የተሠራ በመሆኑ በውኃ ይሟሟል እንጂ በአልኮል አይሟሟም። የጥድ ሙጫ ደግሞ በአልኮል ይሟሟል እንጂ በውኃ አይሟሟም፤ ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሬዚን ይባላል። ዕጣንና ከርቤ ሁለቱንም ቀላቅለው የያዙ ናቸው። አንባቢ ይህን በቤቱ ሊፈትሸው ይችላል። ጥቂት ዕጣን ወቅጦ በአንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ቢያማስለው፣ ውኃው እንደ ወተት ይነጣል። የነጣው፣ በውኃ የሟሟው ሙጫ፣ ያልሟሟውን ሬዚን በጥቃቅን ጠብታዎች መልክ ስለሚያንሳፍፈውና ጠብታዎቹም ብርሃንን ወደየአቅጣጫው ስለሚበትኑ ነው።

ሬዚን የሚሠራው በአብዛኛው ቴርፒን ከሚባሉ ሞለኪውሎች ነው። ተክሉ 5 የካርቦን አቶሞች ያሉትን አይሶፕሪን የተባለውን መሠረታዊ ቅርጽ እንደ ጡብ እየደራረበ ባለ 10፣ ባለ 15፣ ባለ 20 እና ባለ 30 ካርቦን ሞለኪውሎችን ይገነባል። ባለ 10 እና ባለ 15 የሆኑት ቀላሎች በመሆናቸው በቀላሉ ይተንናሉ፤ ሽታው የእነርሱ ነው። ባለ 20 እና ባለ 30 የሆኑት ከባዶች በመሆናቸው ይቀራሉ፤ የሚያጣብቀውና የሚደርቀው ክፍል የእነርሱ ነው። ይህ ክፍፍል ፍጹም አይደለም፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

የልጥፍ ምርመራ

በእንግሊዝኛ ፓች ቴስት የሚባለውን የልጥፍ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1895 ለሙያ ባልደረቦቹ ያስተዋወቀው ዮሴፍ ያዳሶን የተባለ ጀርመናዊ የቆዳ ሐኪም ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ቆዳን አስቆጥቷል ተብሎ የተጠረጠረውን ነገር በጥቂቱ በጤናማ ቆዳ ላይ ለጥፎ መጠበቅ ነው። ዛሬ የሚለጠፈው በላይኛው ጀርባ ላይ ነው። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በቫዝሊን ተለውሶ፣ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር በሆነ ትንሽ የአሉሚኒየም ቆብ ውስጥ ይደረግና ለ48 ሰዓት ይለጠፋል። ከተነሣ በኋላ ይነበባል፤ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን እንደገና፣ አንዳንዴም በ7ኛው ቀን ይነበባል። ቆዳው ቀልቶ ጠጠር ያለ እብጠት ካሳየ አንድ የመደመር ምልክት፣ ትናንሽ ውኃ የቋጠሩ ፍንጣሪዎች ካወጣ ሁለት፣ ፍንጣሪዎቹ ተያይዘው ካበጡ ሦስት ምልክት ይሰጠዋል።

ይህን ያህል መጠበቅ ለምን አስፈለገ? ቆዳው የሚቆጣው በራሱ ስላልሆነ ነው። ቲ ሴል የተባሉት የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ቀድሞ የተዋወቁትን ባዕድ ነገር ለይተው፣ ተባዝተውና ወደ ቦታው ተጉዘው እስኪደርሱ ድረስ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይወስዳሉ። የተማሪያችን ዓይን ዘግይቶ ማበጡም ምክንያቱ ይኸው ነበር። ጭስ ዓይንን ያስለቅሳል፤ ያ ግን በቅጽበት የሚመጣና በቅጽበት የሚሄድ ነገር ነው።

አንድ ሞለኪውል የቲ ሴሎችን ዓይን ለመሳብ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል። አንደኛ፣ የቆዳን የላይኛ ንጣፍ አልፎ ለመግባት ትንሽ መሆን አለበት፤ የሞለኪውል ክብደቱ ከ500 ያነሰ መሆን እንዳለበት በልምድ ይነገራል። ሁለተኛ፣ ትንሽ ሞለኪውል ብቻውን ለመከላከያ ሥርዓቱ አይታይምና፣ ከቆዳው ፕሮቲን ጋር በኬሚካዊ ትስስር መጣበቅ አለበት። ይህን ሁለተኛውን ነጥብ ካርል ላንድሽታይነርና ጆን ጃኮብስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሙከራ እንስሳት ላይ አሳይተዋል። ላንድሽታይነር የደም ዓይነቶችን ያገኘው ያው ሳይንቲስት ነው።

ኮሎፎኒ፦ ጥፋተኛው የሚወለደው በአየር ውስጥ ነው

አውሮፓውያን ሐኪሞች ለማንኛውም የንክኪ አለርጂ ሕመምተኛ በመጀመሪያ በሚጠቀሙበት መሠረታዊ ዝርዝር ውስጥ፣ 20 በመቶ ሆኖ በቫዝሊን የተለወሰ ኮሎፎኒ ይገኛል። ኮሎፎኒ፣ በሌላ ስሙ ሮዚን፣ ከፓይን ዛፎች ሙጫ ውስጥ ተርፔንቲን የተባለው ተናኝ ዘይት በሙቀት ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ቢጫ፣ እንደ መስታወት የሚሰበር ነገር ነው። ስሙን ያገኘው በጥንቷ ታናሽ እስያ ትገኝ ከነበረችው ኮሎፎን ከተማ ነው።

እኛ በውጭ ሀገር በትምህርት ላይ ሳለን ከአንድ ቫዮሊን ተጫዋች ጋር በአንድ ቤት እንኖር ነበር። የደጋኑን ጭራ ዘወትር በአንዲት ቢጫ ድፍን ነገር ሲያሽ አይተን «ይህማ የአዝማሪ ዕጣን ነው» ብለን አስቀነዋል። በላስታና በየጁ ያሉ ማሲንቆ ተጫዋቾችም ደጋናቸውን በዕጣን ወይም በሌላ ሙጫ ያሻሉና። ያልታሸ ጭራ በጭራ ላይ ያዳልጣል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ሙጫው የቆመን ነገር የሚይዘውን ሰበቃ ከሚንሸራተተው ሰበቃ አብልጦ ስለሚያሳድግ፣ ደጋኑ ጭራውን ይይዛል፣ ይስበዋል፣ ይለቀዋል፤ ይህን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይደጋግመዋል። ቫዮሊን ተጫዋቾች በሚይዙት ኮሎፎኒ የተነሣ ጣታቸውና አንገታቸው ሊቆጣ እንደሚችል የቆዳ ሐኪሞች ያውቃሉ።

በብየዳ ውስጥ ደግሞ ኮሎፎኒ የሚገኘው በመበየጃው ሽቦ መካከል ነው። ሽቦው እንደ ቧንቧ ክፍት ሆኖ በኮሎፎኒ ተሞልቷል። ሲሞቅ አሲዱ በመዳቡ ገጽ ላይ ያለውን ኦክሳይድ ይበላዋል፤ የቀለጠው ብረትም በንጹሕ መዳብ ላይ ይሰፋል። የሚነሣው ነጭ ጭስ በአብዛኛው የብረቱ ሳይሆን የኮሎፎኒው ነው። ጭሱም ቀጥታ ወደ ሠራተኛው ፊት ይወጣል። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነታችን ሁሉ ስስ የሆነው ነው።

እንግዲህ በኮሎፎኒ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? 90 በመቶ ያህሉ ባለ 20 ካርቦን የሬዚን አሲዶች ናቸው። ከእነዚህም ዋነኛው አቢየቲክ አሲድ ሲሆን፣ 20 የካርቦን፣ 30 የሃይድሮጅንና 2 የኦክስጅን አቶሞች አሉት። ክብደቱን ተማሪ በአንድ መስመር ያሰላዋል፤ 240 ሲደመር 30 ሲደመር 32፣ ማለትም 302። ከ500 በታች ነውና በቆዳ ያልፋል። ስለዚህ ለብዙ ጊዜ አለርጂ አምጪው ራሱ አቢየቲክ አሲድ እንደሆነ ይታመን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በስዊድን አን-ተሬዝ ካርልበርግና ባልደረቦቿ ይህን እምነት ፈተኑት። አቢየቲክ አሲድን እጅግ አጥርተው በሙከራ እንስሳት ላይ ሲሞክሩት አለርጂ አላመጣም። አየር ያገኘው ግን አመጣ። ምሥጢሩ ያለው በሞለኪውሉ ቅርጽ ነው። አቢየቲክ አሲድ ተከታትለው የተቀመጡ ሁለት ድርብ ትስስሮች አሉት፤ ከእነርሱ አጠገብ ያሉት የሃይድሮጅን አቶሞች ላልተው የተያዙ ናቸው። የአየር ኦክስጅን በዚያ በኩል ይገባና ሁለት የኦክስጅን አቶሞችን ጎን ለጎን ይተክላል። የሚገኘው ነገር ሃይድሮፐርኦክሳይድ ይባላል፤ በተለይም 15-ሃይድሮፐርኦክሲ አቢየቲክ አሲድ የተባለው ዋነኛ ጥፋተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ክብደቱ 302 ሲደመር 32፣ ማለትም 334 ነው።

እዚህ ላይ ፊዚክስ ይገባል። ሁለት የካርቦን አቶሞችን በነጠላ ትስስር የተያያዙበትን ለመበጠስ በሞል 350 ኪሎ ጁል ያህል ኃይል ይጠይቃል። በሃይድሮፐርኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱን ኦክስጅኖች ያያያዘው ትስስር ግን የዚያን ግማሽ ያህል ብቻ ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ይበጠሳል፤ ሲበጠስም ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዘ፣ ራዲካል የተባለ እረፍት የለሽ ቁራጭ ይወለዳል። ይህ ቁራጭ በአቅራቢያው ያገኘውን የቆዳ ፕሮቲን ይይዛል። የላንድሽታይነር ሁለተኛ ቅድመ ሁኔታ በዚህ ተሟላ ማለት ነው።

ማስረጃው በተቃራኒው በኩልም ይሠራል። ኮሎፎኒ ሃይድሮጅን ተጨምሮበት ድርብ ትስስሮቹ ሲቀነሱ፣ ኦክስጅን የሚገባበት በር ይጠባል፤ አለርጂ የማምጣት ኃይሉም ይቀንሳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ፋብሪካዎች ለማጣበቂያና ለወረቀት እንዲመች ኮሎፎኒን ከሌሎች ኬሚካሎች ጋር ሲያዋሕዱት፣ በተፈጥሮው ሙጫ ውስጥ ያልነበሩ አዳዲስ አለርጂ አምጪዎች ይፈጠራሉ። ተራውን ኮሎፎኒ ብቻ የለጠፈ ሐኪም እነዚህን ሊስታቸው ይችላል።

አሁን ወደ ልጥፉ ተመልሰን እናስላ። በአንዱ ቆብ ውስጥ 20 ሚሊ ግራም ቅባት ቢደረግ፣ በውስጡ 4 ሚሊ ግራም ኮሎፎኒ አለ። የቆቡ ስፋት ግማሽ ካሬ ሴንቲ ሜትር ነውና፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ቆዳ ላይ 8 ሚሊ ግራም ያርፋል። ከ4ቱ ሚሊ ግራም 90 በመቶው አሲድ ቢሆንና ሁሉንም አቢየቲክ አሲድ አድርገን ብንወስደው፣ ቁጥራቸው 7 ቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን ያህል ሞለኪውሎች ይሆናል። ከእነዚህ ከሺህ አንዱ ብቻ አየር አግኝቶ ቢለወጥ እንኳ ገና 7 ሚሊዮን ጊዜ ቢሊዮን አሉ። ሐኪሙ «ኮሎፎኒ ለጠፍኩ» ይበል እንጂ፣ ቆዳው የሚያነበው እነዚያን ጥቂቶቹን ነው። ኮሎፎኒው ትኩስ ወይም ያረጀ፣ የተፈጨ ወይም ድፍን መሆኑ ውጤቱን የሚለውጠውም ስለዚህ ነው፤ የተፈጨው ለአየር የተጋለጠ ሰፊ ገጽ አለውና።

የፔሩ በለሳን

በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያለው ሁለተኛው ሙጫ፣ 25 በመቶ ሆኖ የሚለጠፈው የፔሩ በለሳን ነው። ስሙ ያሳስታል። ዛፉ የሚለማው በኤል ሳልቫዶር ነው፤ ፔሩ የተባለው በስፔን ቅኝ ግዛት ዘመን ወደ አውሮፓ የሚጫነው ከፔሩ ወደብ ስለነበረ ነው። የዛፉ ልጥ ተልጦ በችቦ ይለበለባል፣ ጨርቅ ይጠመጠምበታል፣ በለሳኑን የጠጣው ጨርቅም በውኃ ተቀቅሎ ይጨመቃል።

ይህ ሙጫ ከኮሎፎኒ ፈጽሞ ይለያል። ቴርፒን ዋነኛው አይደለም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤንዚል ቤንዞኤትና ቤንዚል ሲናሜት የተባሉ ውሑዶች ናቸው። ቤንዚል ቤንዞኤትን አንባቢ በእከክ መድኃኒትነቱ ሳያውቀው አይቀርም። ከእነዚህ ሌላ ሲናሚክ አሲድ፣ ቫኒሊን፣ ኮኒፈሪል አልኮል፣ በቅርንፉድ ውስጥ የሚገኘው ዩጂኖልና ዘመዱ አይሶዩጂኖል አሉበት። በጠቅላላው 250 ያህል ንጥረ ነገሮች እንዳሉበት ይነገራል። ስለዚህ በዚህ ልጥፍ ቆዳው የቀላ ሰው «የፔሩ በለሳን አለርጂ አለብህ» ቢባል፣ ዛፉን አይቶት ለማያውቅ ሰው ትርጉም የለውም። ትርጉሙ ሽቶ፣ የሽቶ ሳሙና፣ አንዳንዴም ቀረፋና ቅርንፉድ ሊያስቆጣህ ይችላል ማለት ነው። ልጥፉ የአንድ ሞለኪውል ስም ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ምልክት ነው።

በእኛ አስተያየት፣ ከሁለቱ አስተማሪው ኮሎፎኒ ነው። የፔሩ በለሳን ብዙ ተጠርጣሪዎች በአንድ ክፍል የታሰሩበት ነው፤ ኮሎፎኒ ግን ጥፋተኛው በምርመራ ተለይቶ የተገኘበት ነው።

የእኛ ዕጣንና ከርቤ የት አሉ?

የአውሮፓው መሠረታዊ ዝርዝር በሀገራችንም ተሠርቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓለም አቀፍ የሙያ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በኢትዮጵያ 514 የንክኪ ቆዳ ሕሙማን በዚሁ ዝርዝር መመርመራቸውን ይገልጻል። ብዙ ሰዎችን ሲያስቆጣ የተገኘው የጌጣጌጥና የቀበቶ ዘለበት ብረት የሆነው ኒኬል ነበር። ጠቃሚ ሥራ ነው። ሆኖም ዝርዝሩ የተዘጋጀው አውሮፓውያን በየዕለቱ የሚነኩትን ታሳቢ አድርጎ ስለሆነ፣ በኢትዮጵያ ቤት ሁሉ የሚጨሰው ዕጣን በውስጡ የለም፤ ከርቤም የለም።

በመተማ፣ በቋራና በተከዜ ሸለቆ ከሚገኘው የዕጣን ዛፍ የሚወጣው ዕጣን ይዘቱ በመጠኑ ታውቋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርሚያስ ዳኜና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት ላይ ተናኝ ዘይቱን ተንትነው አቅርበዋል። የዘይቱ ዋነኛ ክፍል ኦክቲል አሲቴት ነው፤ ይህ በብርቱካን ልጣጭም የሚገኝ፣ የፍራፍሬ ሽታ ያለው ውሑድ ነው። ከዚህ ሌላ ኢንሰንሶልና ኢንሰንሶል አሲቴት የተባሉ፣ መሠረታቸው ባለ 20 ካርቦን የሆነ ሞለኪውሎች አሉ። በሬዚኑ ክፍል ደግሞ ባለ 30 ካርቦን የሆኑት ቦስዌሊክ አሲዶች ይገኛሉ። የእነዚህ መሠረታዊው ክብደት 456 ሲሆን፣ ከዘመዶቹ አንዱ 512 ይደርሳል፤ በቆዳ ለማለፍ ከድንበሩ ላይ የቆመ ነው። ዋናው ነጥብ ግን ክብደቱ አይደለም። ቦስዌሊክ አሲዶች የአቢየቲክ አሲድ ዓይነት ተከታታይ ድርብ ትስስር የላቸውም። ስለሆነም ለኮሎፎኒ የተቆጣ ቆዳ ለዕጣን የግድ ይቆጣል ማለት አይቻልም፤ ሁለቱም «ሙጫ» ቢባሉም።

ከርቤ ግን በጥርጣሬ ይታያል። በቆላማው የሀገራችን ክፍልና በሶማሊያ የሚሰበሰበው ከርቤ፣ ከዕጣን ይልቅ ብዙ በውኃ የሚሟሟ ሙጫ ያለው ሲሆን፣ ዘይቱ ፉራን የተባለውን ባለ አንድ ኦክስጅን ቀለበት በያዙ ባለ 15 ካርቦን ሞለኪውሎች የተሞላ ነው። ከርቤ ለዘመናት ወደ ቻይና ይሄዳል፤ በዚያም ወጌሾች ለስብራትና ለወለምታ ከሚለጥፉት መድኃኒት ጋር ይቀላቅሉታል። እ.ኤ.አ. በ1993 የሆንግ ኮንግ ሐኪሞች በእንዲህ ያለው ልጥፍ ቆዳቸው የተቆጣ ሰዎችን መርምረው፣ ከቅይጡ ውስጥ ዋነኛው ተጠርጣሪ ከርቤ መሆኑን አስታውቀዋል። እኛ የላክነውን ሙጫ መርምረው ያስታወቁት ሌሎች መሆናቸው ትንሽ ያስቆጫል።

አንባቢ ግን ከገበያ የገዛውን ዕጣን ወይም ከርቤ ወቅጦ በራሱ ክንድ ላይ እንዳይለጥፍ አጥብቀን እናሳስባለን። መጠኑ ያልተለካ ልጥፍ ቆዳን በቀላሉ ያቃጥላል፤ ከዚያም የከፋው፣ አለርጂ ያልነበረበትን ሰው ዕድሜ ልኩን ባለ አለርጂ ሊያደርገው ይችላል። ቲ ሴሎች አንዴ የተዋወቁትን በቀላሉ አይረሱም።

ተማሪያችን አዲስ አበባ ሄዶ ተመረመረ። በ4ኛው ቀን ንባብ ኮሎፎኒው የተለጠፈበት ቦታ ሁለት የመደመር ምልክት አገኘ፤ የፔሩ በለሳን ምንም አላሳየም። ሐኪሟ እናቱ ከመርሳ የላኩለትን ዕጣን በጥቂቱ በቫዝሊን ለውሳ ለብቻው ለጥፋለት ነበር። እርሱም ምንም አላሳየም። ይህ የአንድ ሰው ውጤት ነው፤ ለሌላው አይሠራም።

በቤተ ሙከራችን የብየዳ ጭስ የሚስብ መሣሪያ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ከዚያ በኋላ በመስኮቱ ላይ አየር ወደ ውጭ የሚገፋ ማራገቢያ ገጥመናል፤ ኮሎፎኒ የሌለው የመበየጃ ሽቦም አፈላልገን አግኝተናል፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው። ተማሪው ጥገናውን አልተወም። በመርሳ ያለችው ጠባብ ሱቁ መስኮት ስለሌላት፣ ከአሮጌ ኮምፒዩተር የወጣች ማራገቢያ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስሮ ጭሱን ከፊቱ ወደ በሩ እያስወጣ ይሠራል። በባለፈው ክረምት ስንጎበኘው የዓይን ቆቦቹ ጤናማ ነበሩ። እናቱም ቡና አፈሉልን፤ ዕጣኑም ጨሰ።